አበባው ሞልቶ ፍሬ ያጣው ቃሪያ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ በቀለም ባልዲ የተተከለ የሌመን ድሮፕ ቃሪያ አለ። ወገብ ደርሷል፣ ቅጠሉ ያማረ ነው፣ አበባው እንደ ፈንዲሻ ተበትኖበታል። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ ዘሩን ያመጣችላቸው ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ናት። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ አበባ የት ይገባል?» አሉኝ። «ለሰኔ ሚካኤል ዘራሁት፣ ለኅዳር ሚካኤል አበባ ሞላው። ይኸው ጥምቀት ደረሰ፣ አንድ ፍሬ አላየሁበትም።» ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን መላ አምጥቷል። አንዱ ዩሪያ ጨምሩበት ብሏል፣ ሌላው ውሃ ንሱት፣ ሌላዋ ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታ ይዛ መጥታለች።

ጥያቄያቸው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፤ ይህን ቃሪያ መሀል አዲስ አበባ ላይ የሚሞክር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ ነውና። ተክሉ አልታመመም፣ አልተራበም። አበባው ግን አንገቱ ቢጫ ይሆንና በነካ እጅ ዱብ ይላል። መልሱ ያለው እሳቸው እግረ መንገዳቸውን በጠሯቸው በሁለቱ ሚካኤሎች መካከል ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ቃሪያው ራሱ ጥቂት ልበል።

ዘሩ የማን ወገን ነው?

ሌመን ድሮፕ የፔሩ ቃሪያ ነው፤ አሂ ሊሞንም ይባላል። ፍሬው ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ቀጭን ነው፣ ጫፉ የሾለ፣ ቆዳው የተጨማደደ። ከአረንጓዴ ተነስቶ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ሲቆረጥ ቀድሞ የሚመጣው የሎሚ ልጣጭ ሽታ ነው፤ ማቃጠሉ ከኋላ ይከተላል። የማቃጠል ኃይል በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ15,000 እስከ 30,000 ይደርሳል። ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000፣ ሃባኔሮ ደግሞ ከ100,000 እስከ 350,000 ነውና ሌመን ድሮፕ የሚገኘው በመሀላቸው ነው። ምላስን ያነቃል፣ የወጡን ጣዕም ግን አይውጥም። ለዚህ ነው የምወደው።

የኛዎቹ ማረቆ ፋናና መልካ ሾቴ ካፕሲከም አኑም ከሚባለው ዝርያ ናቸው። ሌመን ድሮፕ ካፕሲከም ባካተም ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ፍሬ መጠበቅ አያስፈልግም። አበባውን ቀና አድርጎ መሀሉን ማየት ይበቃል፤ በባካተም አበባ ላይ ከእያንዳንዱ ነጭ የአበባ ቅጠል ሥር አረንጓዴ ቢጫ ነጠብጣብ አለ። የማረቆ አበባ ይህ ምልክት የለውም። ሌመን ድሮፕ ነው ተብሎ ዘር የተሰጠው ሰው አበባው ላይ ነጠብጣቡን ካጣ፣ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

ባካተም የአንዲስ ተራሮች ሸለቆዎች ተክል ነው። ሃባኔሮ የሚመደብበት ካፕሲከም ቺኔንሴ ደግሞ ሙቀትና ወበቅ ካለበት ከአማዞን ቆላ የመጣ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ፣ ሃባኔሮ አዲስ አበባ ላይ ተኮማትሮ ይከርማል፣ ሌመን ድሮፕ ግን ብርዱን በተሻለ ይችላል። የፍራፍሬ ሽታ ያለው የሚያቃጥል ቃሪያ በረንዳው ላይ ለሚፈልግ የመሀል ከተማ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት በእኔ እምነት ይኼው ነው። ከእሱም የበለጠ ብርድ የሚችል ሮኮቶ የሚባል ሌላ የአንዲስ ቃሪያ አለ፤ አበባው ሐምራዊ፣ ዘሩ ጥቁር፣ ቅጠሉ ጸጉራም ነው። ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው እሱን እመክራለሁ። ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ግን ለማድረቅ አይመችም፣ የሎሚ ሽታውም የለውም።

ከሚካኤል እስከ ሚካኤል

ሰኔ 12 ተዘርቶ ኅዳር 12 ማበብ አምስት ወር ነው። ባካተም በባሕርዩ ዘገምተኛ ነው፤ ሐምሌንና ነሐሴን ከደመና ሥር ለከረመ ችግኝ ደግሞ አምስት ወር ብዙ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ድረስ የተበላሸ ነገር የለም። ነገሩ የሚገለጠው አበባው የወጣበትን ወር ሲያዩ ነው።

የአዲስ አበባ ኅዳር ቀኑ ደስ ይላል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ ሙሉ፣ ቀትር ላይ ካፖርት ያስወልቃል። ሰው ከቀኑ ተነስቶ «ይኼማ ለቃሪያ የተፈጠረ አየር ነው» ቢል አይፈረድበትም። ያው ጥርት ያለ ሰማይ ግን ሌሊት ይከፍላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ደመና ባልሸፈነው ሌሊት፣ መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ይዛ አታድርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሊነጋጋ ሲል ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ የተለመደ ነው።

የአበባው ዕጣ የሚቆረጠው በዚያ ሰዓት ነው። ቃሪያ በጠቅላላው ሌሊቱ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ የአበባው ዱቄት አቅም ያጣል። ዱቄቱ በሴቴው ጫፍ ላይ ቢያርፍም በደንብ አይበቅልም፣ ፅንስ አይያዝም። ተክሉ ደግሞ ያልፀነሰ አበባ ተሸክሞ አይቆይም፤ ከአንገቱ ይለቀዋል። አንዳንዴ ፍሬ የያዘ ይመስላል። ሲያዩት ትንሽ፣ ጠማማ፣ ሲከፍቱት ዘር የሌለው ባዶ ነው። እናቲቱ ባልዲ ሥር ከረገፈው አበባ መካከል እንዲህ ያለች የጥፍር ታህል ፍሬም ነበረች።

የጎረቤቶቹን መላ በዚህ ዓይን ሳየው ለምን እንዳልሠራ ገባኝ። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠል ያበዛል፣ አበባ መጣሉን ያባብሳል እንጂ ሌሊቱን አያሞቅም። የእንቁላል ቅርፊት ካልሲየሙን የሚለቀው በወራት ነው፣ ይህ ችግር ደግሞ የካልሲየም አይደለም። ውሃ መንሳትም ተክሉን ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ ቃሪያ መጀመሪያ የሚጥለው አበባውን ነው። ሁሉም የሚያክሙት ቀን የሚያዩትን ተክል ነው።

በሰኔ መዝራት ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ክረምት ሲገባ መትከል የቆየ ልማዳችን ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ያጠናክራል። ለዛፍ ችግኝ ትክክል ነው፣ የሚያጠጣው ሰው ስለሌለው ዝናብ ይጠብቃል። የባልዲ ቃሪያ ግን የሚያጠጣው ሰው አለው። እሱ የሚፈልገው ሌሊቱ ረገብ ያለበትን ወቅት ነው። ያ ወቅት ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ሌሊቱ ያን ያህል ባይከፋም ፀሐይ የለውም፣ እርጥበቱም ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ስሌቱ ከአበባው ወደ ኋላ ይቆጠራል። አበባ መጋቢት ላይ እንዲወጣ ዘሩ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ መሬት መንካት አለበት። ችግኙ ኅዳርንና ታኅሣሥን ቤት ውስጥ ያሳልፋል፣ ጥር መጨረሻ ላይ ወደ ውጭ ይወጣል። ፍሬ ከያዘ በኋላ ሞቃት አገር 80 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ እዚህ ሦስት ወር መስጠት ነው። በመጋቢት መጀመሪያ የያዘው ፍሬ በሰኔ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከባዱ ዝናብ ሳይደርስበት።

ለእናቲቱ ያልኳቸው «አይንቀሉት» ነው። ቃሪያ ውርጭ ካልገደለው ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ነው። ባልዲውን ወደ ግድግዳ ማስጠጋት፣ ዩሪያውን መተው፣ የቀጨጩትን ጫፎች መቀንጠስ፤ የካቲት ሲያልቅ የሚወጣው አበባ ሌላ ዕድል አለው።

ማብቀል

የሌመን ድሮፕ ዘር አስቸጋሪ አይደለም፣ ሙቀት ብቻ ይፈልጋል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ካገኘ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። መሀል አዲስ አበባ ያለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ግን ወር ሊያልፈው ይችላል፤ ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ የሚደፋው ያኔ ነው። ፍሪጅ አናት ላይ፣ ወደ ኋላ በኩል ያለው ቦታ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ የሚበራ ዲኮደር ላይም የሚያስቀምጡ አሉ፤ ከሥሩ ሳህን ካልተደረገ ግን ውሃው ወደ ዕቃው ይገባል።

ሥሩ የተበሳ የእርጎ ኩባያ በቂ ነው። የተነፋ ኮምፖስትና ደቃቅ አሸዋ እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መሙላት፣ ዘሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል መቅበር፣ በፌስታል መሸፈን። ግማሾቹ ብቅ ሲሉ ፌስታሉ መነሳት አለበት። ካልተነሳ የችግኙ አንገት ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥንና ተክሉ ጎኑን ይተኛል፤ ይህ ከታፈነ እርጥበት የሚመጣ ፈንገስ ነው፣ አንዴ ከወደቀ አይነሳም። መከላከያው ከላይ ማጠጣት ትቶ ኩባያውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ለ15 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ የተረፈውን መድፋት ነው።

ከበቀለ በኋላ ከሙቀት ይልቅ ብርሃን ይቀድማል። ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ተራ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አድርጎ በቀን 14 ሰዓት ማብራት። ስድስት፣ ስምንት ቅጠል ሲኖረው ወደ ባልዲ ይዛወራል። በድንገት ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን ቅጠሉን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል፣ የከፍታ ፀሐይ ጨካኝ ነው። በመጀመሪያው ቀን የጠዋት ፀሐይ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ ሳምንት ያህል ማለማመድ ይገባል።

ባልዲ፣ አፈር፣ ግድግዳ

20 ሊትር የቀለም ባልዲ ወይም አናቱ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ይበቃል። ሥሩ ላይ በሚስማር ሳይሆን ጣት በሚያስገባ ስፋት አምስት ስድስት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ከታች ጠጠር መደልደል የተለመደ ነው፣ ግን አይጠቅምም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ከአፈሩ ቶሎ አይወርድም፣ ረግረጉ ወደ ሥሩ ይጠጋል። ጠጠሩን አፈሩ ውስጥ መቀላቀል ይሻላል። እኔ የማምንበት ድብልቅ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደቃቅ ሬድ አሽ ወይም ሻካራ አሸዋ ነው። መረሬ አፈር ብቻውን ባልዲ ውስጥ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል።

ማዳበሪያ ላይ ቁጥብነት ያስፈልጋል። ሲተከል አንድ የሻይ ማንኪያ ኤንፒኤስ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ለመነሻ ይበቃል። ኤንፒኤስ ግን 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ድኝ ነው፤ ፖታሲየም የለውም። ፍሬ የያዘ ቃሪያ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ፖታሲየምን ነው። ይህን የሚሞላው የእንጨት ወይም የከሰል አመድ ነው፤ በየወሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዙሪያውን ነስንሶ ማጠጣት። ከዚያ ከበለጠ አፈሩን ጨዋማና አልካላይ ያደርገዋል። ፌስታል የተቃጠለበት ምድጃ አመድ ፈጽሞ አይገባም።

ተክሉ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ አንዳንዴም ያልፋል፣ ቅርንጫፉም ይንዘላዘላል። 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን መቀንጠስ ጎን እንዲያወጣ ያደርገዋል፤ አንድ ሜትር የቀርከሃ ድጋፍ ገና በጠዋቱ ካልተተከለለት ፍሬ ሲሸከም ይገነጠላል።

የበረንዳ አቅጣጫ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ስለማያስበው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ የቀረውን ጊዜ በደቡብ በኩል። ስለዚህ ጣሪያ ያለው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ የቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ሰማዩ ደመና በሚሆንበት በክረምት ነው። ወደ ደቡብ የሚያየው ግን በጋውን ሙሉ፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ያገኛል። ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ለሚፈልግ ቃሪያ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የሰሜን በረንዳ ብቻ ያለው ሰው ጣሪያ ወይም የግቢ ጥግ ቢለምን ይሻለዋል።

ከሁሉ የሚመረጠው ግን ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚያይ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ የመታው ፀሐይ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፣ ማታ ቀስ እያለ ይወጣል። ባልዲውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት ማስቀመጥ ለአበባው የሚጠቅም ሙቀት ይሰጠዋል። ግድግዳ ለሌለው ሰው ውሃ የተሞሉ ሁለት ጀሪካኖች ከባልዲው ግራና ቀኝ ማቆም፣ ማታ ማታም ከላይ ሻሽ ወይም ቀጭን ጨርቅ ጣል ማድረግ ይረዳል።

ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ባልዲ ቶሎ ይደርቃል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ደረቅ ከሆነ ማጠጣት ነው፤ በበጋ በሁለት ቀን አንዴ ከአንድ እስከ አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ይሄዳል። አንዴ አድርቆ አንዴ ማጥለቅለቅ የፍሬውን ጫፍ ያጠቁራል፤ ካልሲየም አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ውሃው ሲቆራረጥ ወደ ፍሬው አይደርስም። አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር መሸፈን ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

አበባ ሲወጣ ቃሪያ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ነፋስ ግን ይወዳል። በመስተዋት በተዘጋ በረንዳ ላይ ከረፋዱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ዱቄቱ ሲደርቅ፣ ግንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በጣት ቆርኮም ማድረግ በቂ ነው።

ክሽክሽና ክረምት

የበጋው ጠላት ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ለጋው ቅጠል ወደ ውስጥ ሲጠቀለልና ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው፤ ጉንዳኑ የመጣው ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ገና አሥር ሃያ ሳሉ በጣት መጨፍለቅ ይቻላል። ከበዙ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ፀሐይ ከገባች በኋላ የቅጠሉን ሥር መርጨት፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ በአምስተኛው ቀን መድገም። ኦሞ አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ክረምት ሲገባ ባልዲው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይግባ፤ አሸንዳ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ግን ከሜዳ የከፋ ነው። ዝናብ አፈር አንስቶ ቅጠል ላይ ሲረጭ በሽታውን አብሮ ያወጣል፤ ፍሬው ላይ ጎድጎድ ያለ ጥቁር ክብ ምልክት ከታየ ፍሬውን ቆርጦ ከግቢ ማውጣት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ቀን ላይ ከጠወለገ ሥሩ በስብሷል፤ ያን ጊዜ ውሃ መጨመር ማፋጠን ነው። ወፎችን በተመለከተ፣ ማቃጠሉ እነሱን አያግዳቸውም፤ ቃሪያን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የወፍን አፍ አይነካም። ቢጫ የሆነውን ቶሎ መልቀም ወይም መረብ ማልበስ ነው።

ለቀማና ዘር

ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሲሆን በመቀስ ከነአንገቱ ይቆረጣል፤ ሲጎትቱት ቅርንጫፍ ይሰብራል። አረንጓዴው ይበላል፣ የሎሚ ሽታው ግን ገና ነው። ሽታው በረጅም እሳት ይጠፋል፤ ስለዚህ ወጥ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጋር ማቁላላት ማባከን ነው። ከእሳት ከወረደ በኋላ ሹሮ ላይ ቀንጠብ ማድረግ፣ የተጠበሰ ዓሣ ላይ፣ ቆጭቆጫ ውስጥ፣ በጾም ደግሞ ቲማቲም ፍትፍት ላይ ቦታው ነው። ማቃጠሉ የሚያይልበት ሰው ውስጡ ያለውን ነጭ ሥር ይፋቅ፤ ካፕሳይሲኑ ያለው እዚያ ነው፣ ዘሩ የሚያቃጥለው ከዚያ ስለተነካካ ነው። ለማድረቅ ለሁለት ሰንጥቆ ጥላ ቦታ፣ ነፋስ ባለበት። ቆዳው ስስ ስለሆነ በቶሎ ይደርቃል፣ ሲወቀጥ ቢጫ ዱቄት ይሆናል።

ለዘር ከጠንካራው ተክል ላይ በደንብ የበሰሉትን መምረጥ ነው። አጠገቡ ማረቆ ወይም ተራ ቃሪያ ቢኖር ብዙ አያስጨንቅም፤ አኑምና ባካተም በቀላሉ አይዳቀሉም። ሌላ ባካተም ካለ ግን አበባው ሳይፈካ በስስ የመረብ ከረጢት መሸፈን፣ ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንስቶ አንገቱ ላይ ክር ማሰር ያስፈልጋል። ዘሩ በወረቀት ላይ ለአሥር ቀን ያህል ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ በጥፍር ሲጫኑት ከታጠፈ ገና ነው፣ ቀጭ ካለ ደርሷል። በወረቀት ፖስታ ሆኖ ስሙና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ሦስት ዓመት በደህና ይበቅላል። አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ15 ያነሰ ዘር ስለሚሰጥ ለራስም ለጎረቤትም የሚሆን ለማግኘት አራት አምስት ፍሬ ሳይበላ መቆየት አለበት።